ሰልፉን ያሰናዳው ሰው

ዮናስ፦ በ1963 እ.ኤ.አ. የጥቁር አሜሪካውያን መብት እንዲከበር የተደረገው የዋሽንግተን ሰልፍ ሲነሳ ትዝ የሚለን ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። ግን ለ250 ሺህ ሕዝብ ውሃውን፣ መጸዳጃውን፣ አውቶቡሱን ማን አሰናዳ?

ሰላም፦ ባያርድ ረስቲን። ያውም ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ! ሰርግ ደግሰህ ከሆነ ይገባሃል።

ዮናስ፦ (ሳቅ) እኔማ በ300 ሰው ነው ውሃ ያለቀብኝ።

ሰላም፦ የገረሙኝ ደግሞ ሥርዓት አስከባሪዎቹ ናቸው። የኒውዮርክ ጥቁር ፖሊሶችን ሰብስቦ፣ ያለ መሣሪያ ሕዝብ መያዝ አሰለጠናቸው።

ዮናስ፦ ከመሣሪያ ጋር የቆየ ጸብ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልዘምትም ብሎ በ1944 ሦስት ዓመት ተፈርዶበታል። ጦርነትን የሚቃወመው የክርስትና ወገን፣ የኩዌከር አማኝ ስለሆነ በውትድርናው ፈንታ ሌላ አገልግሎት መስጠት ይችል ነበር። እሱንም እምቢ አለ።

ሰላም፦ በ1956 ኪንግ ወደሚኖርባት የአላባማ ከተማ፣ ሞንትጎመሪ፣ ሲሄድ ኪንግ ቤት መሣሪያ አገኘ። ቤቱ ላይ ቦምብ ስለተጣለ ሰውየው ቢታጠቅ አይፈረድበትም። ቁጭ ብሎ የጋንዲን መንገድ፣ ያለ ኃይል መታገልን፣ ካስረዱት አንዱ ረስቲን ነው።

ዮናስ፦ ታዲያ ለምን ከጀርባ ቀረ?

ሰላም፦ ጌይ ነዋ። በ1953 ፓሳዲና፣ ካሊፎርኒያ፣ ከወንዶች ጋር መኪና ውስጥ ተይዞ 60 ቀን ተፈረደበት። 12 ዓመት የሠራበት የሰላም ማኅበርም አሰናበተው። ሰልፉ ሊደርስ ሲል ሴናተር ስትሮም ተርመንድ ያንኑ መዝገብ ሴኔት ውስጥ ዘረገፈው።

ዮናስ፦ የሰልፉ መሪ ፊሊፕ ራንዶልፍ ግን አልከዳውም።

ሰላም፦ አልከዳውም። እኔን ቅር የሚለኝ ቬትናም ነው። ኪንግ በ1967 ጦርነቱን በአደባባይ ሲያወግዝ ረስቲን አብሮት አልቆመም።

ዮናስ፦ የፕሬዚዳንት ጆንሰን መንግሥት ለጥቁሮችና ለድሆች የጀመረው ነገር እንዳይበላሽ ብሎ ነው እኮ።

ሰላም፦ ስሌቱ ይገባኛል። ግን ጦርነትን እምቢ ብሎ ወህኒ የወረደ ሰው ነው! አላልፍለትም።

ዮናስ፦ ስለ ጌዮች መብት በአደባባይ መናገር የጀመረውም ካረጀ በኋላ ነው። በ1986 ለኒውዮርኩ የመብት ሕግ ቀርቦ መሰከረ፤ በ1987 ሞተ።

ሰላም፦ ከፍቅር አጋሩ ከዋልተር ኔግል ጋር መጋባት ያኔ ሕጉ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ በ1982 ምን አደረገ? በማደጎ ልጅነት ወሰደው።

ዮናስ፦ ትልቁን ሰውዬ?

ሰላም፦ አዎ! የዋልተር ወላጅ እናት «ልጄ አይደለም» ብላ መፈረም ነበረባት። ከዚያ ደግሞ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ መጥታ ቤቱ ለልጅ ማሳደጊያ ይመች እንደሆነ አየች።

ዮናስ፦ እና ይመቻል አለች?

ሰላም፦ ፈቀዱለት።