ቡናውን ማን ተከለው? የካፋ ጫካ እንስሳትና ዕፅዋት

[ምስል፦ ንጋት ላይ ጭጋግ የሸፈነው ደን። ከሩቅ የሚያጓራ ድምፅ ይሰማል።]

ተራኪ፦ ልጆች፣ ይህ ድምፅ አልነሣ ያለ ሞተር ብስክሌት ይመስላል፤ ግን ጉሬዛ ነው። ገና ሳይነጋ አንዱ ይጀምራል፣ ከማዶ ያለው ይመልስለታል፣ ከዚያ ጫካው በሙሉ ይቀጥላል። «ይህ ሰፈር የእኛ ነው፤ እንዳትመጡብን» እየተባባሉ ነው።

ያለነው ካፋ ውስጥ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን፣ ቦንጋ ከተማ አጠገብ። እዚህ አገር ዝናብ አብዛኛውን የዓመቱን ወራት ስለማይለይ ደኑ በጋ ከክረምት አረንጓዴ ነው። በካርቱን ፊልም የምታውቁት ብርቱካናማ፣ ባለመስመር ነብር ግን እዚህ የለም። የእርሱ አገር እስያ ነው፤ በአፍሪካ ዱር የትም አይገኝም። የእኛ ነብር ነጥብጣብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድነውም በሌሊት ነው። ቀን ቀን ጥሻ ውስጥ ወይም ዛፍ ላይ ስለሚያርፍ እኛ አናየው ይሆናል። እርሱ ግን ሊያየን ይችላል።

[ምስል፦ ካሜራው ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።]

ተራኪ፦ እስቲ ቀና በሉ። ይህ ቀረሮ ነው። ቁመቱ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከአሥር ፎቅ ሕንፃ አያንስም። እንዲህ ያሉት ረጃጅም ዛፎች ፀሐዩን ከላይ ስለሚይዙት ታች ያለነው ድንግዝግዝ ውስጥ ቀርተናል። ጫካ ውስጥ ዕፅዋት የሚጣሉት በብርሃን ነው።

በዚህ ጠብ ውስጥ ደግሞ አንድ ብልጣብልጥ አለ፤ ጌተም ይባላል። ወፍ የጌተምን ፍሬ በልታ ዘሩን ከሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ትጥለዋለች። ዘሩ እዚያው ከፍታው ላይ፣ ብርሃን ባለበት ይበቅልና ሥሮቹን ወደ መሬት ይልካል። ሌሎች ዛፎች ከታች ወደ ላይ ሲያድጉ እርሱ ከላይ ወደ ታች ወረደ ማለት ነው። ሥሮቹ መሬት ከነኩ በኋላ እየወፈሩ የተሸከመውን ዛፍ ጨምድደው ይይዙታል፤ ያ ምስኪን ዛፍ በመጨረሻ ሊሞት ይችላል። ውለታ ቢስ ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ንቦች ግን በዚህ አይስማሙም። ጌተም ሲያብብ ይወሩታል፤ ታዋቂው የካፋ ነጭ ማር የሚገኘውም በአብዛኛው ከዚህ አበባ ነው። ለዚህ ነው የአካባቢው ሰዎች ቀፎአቸውን ዛፍ ላይ ወጥተው ከፍ አድርገው የሚሰቅሉት።

[ምስል፦ ጉሬዛ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ቅጠል ይበላል። እጁ ቀርቦ ይታያል።]

ተራኪ፦ ጠዋት ሲያጓራ የነበረው ይኸውላችሁ። ፀጉሩ ጥቁር ነው፤ ፊቱ ዙሪያ፣ ጎኑና የጅራቱ ጫፍ ነጭ ናቸው። እጁን ልብ በሉ፤ ጣቶቹን ቁጠሩ። አራት! አውራ ጣቱ ከጉብታ አታልፍም። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል በአራቱ ጣቶቹ አንጠልጥሎ ይይዛል፤ አውራ ጣት ብዙም አያስፈልገውም።

ዋና ምግቡ ቅጠል ነው። ቅጠል በቀላሉ አይፈጭም፤ እኛ እንደርሱ ጫካውን ብንበላ ሆዳችን ያምመን ነበር። የጉሬዛ ጨጓራ ግን እንደ ላም ጨጓራ የተከፋፈለ ነው፤ ውስጡ ያሉት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ቅጠሉን ያብላሉለታል። ይህ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ በልቶ ቁጭ ይላል። አይታችሁ ሰነፍ እንዳትሉት፤ ሥራ ላይ ነው።

አሁን እናትየዋን እዩዋት። ደረቷ ላይ የተለጠፈው ነጭ ነገር ልጇ ነው። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ከራስ እስከ እግሩ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም የሚመጣው ወራት ቆይቶ ነው።

[ምስል፦ ትልቅ ምንቃር ያለው ጥቁር ወፍ እየበረረ ይመጣል።]

ተራኪ፦ ይህ የክንፍ ድምፅ ገና ወፉ ሳይታይ ይሰማል። የእርኩም ዘመድ ነው፤ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት ይመስላል። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ፍልፍል ውስጥ ትገባለች። ወንዱ ጭቃ ያመጣላታል፤ እርሷም ከውስጥ ሆና በሩን ትደፍነዋለች። የምትተወው ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ነው። ጫጩቱ እስኪደርስ ድረስ ከሦስት ወር በላይ አትወጣም። ወንዱ በየቀኑ ፍሬ ተሸክሞ እየተመላለሰ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል።

[ምስል፦ የጫካው ወለል፤ ሐረግ፣ እርጥብ ቅጠል፣ የጉንዳን ሰልፍ።]

ተራኪ፦ አሁን ወደ ታች። የጉንዳኑን ሰልፍ ተሻገሩት፤ እላዩ ላይ እንዳትቆሙ! ከቁመታችሁ በላይ የቆመው ባለረጅም ቅጠል ተክል ኮረሪማ ነው። ፍሬውን ላዩ ላይ ብትፈልጉ አታገኙትም፤ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋችሁ ከሥሩ፣ መሬቱ ጋ እዩ። ቀይ ነው። ደርቆ በርበሬ ውስጥ የሚገባው እርሱ ነው።

ከጎኑ ደግሞ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ቁጥቋጦ አለ። ቡና ነው። አጥር የለውም፣ መስመርም አልተሠራለትም፤ የተከለው ገበሬ የለም። አረቢካ የሚባለው ቡና ወደ ሌላው ዓለም ከመሄዱ በፊት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ በዱር ይበቅል ነበር፤ ዛሬም ይበቅላል። ዩኔስኮ የካፋን ደን በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት (ተፈጥሮ ከነዋሪው ሕዝብ ጋር ተጠብቆ እንዲቆይ በሚከለል ቦታነት) ሲመዘግበው አንዱ ምክንያት ይኸው የዱር ቡና ነው።

ታዲያ ማን ተከለው?

[ምስል፦ ቀይ እሸት ቡና በጣት ተከፍቶ ይታያል።]

ተራኪ፦ እሸቱን እንክፈተው። ቀዩ ልጣጭ ሥር ስስ፣ ጣፋጭ ሥጋ አለ። መሃሉ ላይ ሁለት ፍሬዎች ጠፍጣፋ ጎናቸውን አገጣጥመው ተኝተዋል። ሥጋው ጣፋጭ ነው፤ ፍሬው ግን መራራ። ዝንጀሮው፣ ጦጣውና ወፉ ጣፋጩን ፈልገው ይመጣሉ፤ መራራውን ይተፉታል፣ ይጥሉታል፣ ወይም ሳያኝኩት ይውጡትና ሌላ ቦታ ይጥሉታል።

[ምስል፦ ሌሊት። ጥርኝ በቀስታ ስትሄድ።]

ተራኪ፦ ሌሊት ደግሞ ጥርኝ ትወጣለች። ነፍሳትም ፍራፍሬም ትበላለች፤ እሸት ቡናም አይቀራትም። ጥርኝ ባገኘችው ቦታ ሁሉ አትጸዳዳም፤ እየተመለሰች የምትጠቀምበት የራሷ መጸዳጃ አላት። አሁን አትሳቁ! ተመራማሪዎች እነዚህን ቦታዎች እየፈለጉ ዘር ይቆጥራሉ። የበላችው ፍሬ ዘሩ ሳይፈጭ እዚያ ይወጣል፤ ማዳበሪያውም አብሮት አለ።

[ምስል፦ ሰፌድ ላይ የፈሰሰ ጥሬ ቡና።]

ተራኪ፦ የቤት ሥራ አለን። ቤት ውስጥ ቡና ሊቆላ ሲል ከጥሬው አንድ እፍኝ ለምኑና አንድ በአንድ እዩት። አብዛኛው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ ጎን የሌላት፣ ድብልብል ያለች ፍሬ ካገኛችሁ ግን ለይታችሁ አስቀምጧት፤ እሸቱ ውስጥ ብቻዋን ያደገች ናት። ትምህርት ቤት ይዛችሁ ኑና ማን ብዙ እንዳገኘ እንቆጥራለን።