ቺክ ዌብ፦ ከኋላ ተቀምጦ ባንድ የመራው ድራመር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አሜሪካዊ የጃዝ ድራመር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

እስቲ አንድ ነገር በዓይነ ህሊናችሁ ሳሉልኝ። ትልቅ ባስ ድራም አለ፤ ስፋቱ 28 ኢንች፣ ሰባ ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ከጀርባው ያለው ሰውዬ ደግሞ ቆሞ ሲለካ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው። ከፊት ሆናችሁ ስታዩት ድራም ነው የሚታያችሁ። ከድራሙ በላይ አንድ ፊት ብቅ ብሏል።

ይሄ ሰው ዊልያም ሄንሪ ዌብ ነው። ዓለም ግን ቺክ ይለዋል፣ ጫጩት እንደማለት። የአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ልጅ ነው። በልጅነቱ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ያዘው፤ ጀርባው ጎበጠ፣ ቁመቱም እዛው ቀረ። ድራም የጀመረው ሐኪም ለመገጣጠሚያህ ይጠቅማል ብሎት ነው ይባላል። ጋዜጣ እየሸጠ ባጠራቀማት ሳንቲም ድራሙን ገዛ።

አሁን የምወዳትን ምሳሌ ላምጣ። የቻናሉ ቤተሰቦች ታውቋታላችሁ። አዎ፣ ከበሮ!

ጥምቀት ላይ ከበሮ መቺውን አይታችሁታል አይደል? ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መሀል ይገባል። በአንዱ እጁ ሰፊውን አፍ፣ በሌላው ጠባቡን። ሰፊው ዱም ይላል፣ ጠባቡ ይመልስለታል። ከዝግተኛው ምት ከመረግድ ወደ ፈጣኑ ወደ ጽፋት ሲሻገር ሁሉም አብሮት ይሻገራል። እሱ ቀስ ሲል ሰው ቀስ ይላል። እሱ ሲያፈጥን ጭብጨባው ይደምቃል፣ እግር መሬት ይለቃል። "ፍጠኑ" ብሎ የሚጮህ የለም። እጁ ነው የሚናገረው። እኔ ልጅ ሆኜ ዓይኔን ከዛች እጅ ላይ አላነሳም ነበር።

ቺክ ዌብም እንደዛው ነው። ከባንዱ ኋላ፣ መሀል ላይ፣ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ይቀመጣል። ከዛ ሆኖ በድራሙ ይመራቸዋል።

ቴክኒኩን በአጭሩ። ባስ ድራም፣ ትልቁ፣ በእግር፤ ሃይሃት፣ የሚጋጩት ጥንድ ሳህኖች፣ በሌላው እግር፤ ስኔር፣ ትንሿ ድራም፣ በእጅ ነው የሚመታው። ለዌብ ልዩ ፔዳል ተሠርቶለት ነበር። ሲምባሎቹም፣ የሚመቱት የብረት ሳህኖች፣ እንደ ዝይ አንገት በታጠፈ ብረት ወደ እሱ ተጠግተው ተሰቅለዋል። ኖታ አያነብም። መለከቱ የት እንደሚገባ፣ ሳክስፎኑ የት እንደሚያርፍ ሁሉንም በቃሉ ይዞታል። በአንድ ምት ቀድሞ ይነግራቸዋል፣ ይገባሉ። በቃ።

ቆይ፣ ቆይ። ባለፈው ስሙን ሳነሳ ብዙዎቻችሁ ምን ብላችሁ ጻፋችሁልኝ? "ባንዱ እኮ የዝነኛዋ የጃዝ ዘፋኝ የኤላ ፊትዝጄራልድ ነው፣ እሱ አጃቢዋ ነበር።" ይሄማ ሳይስተካከል አያልፍም!

ዌብ ባንድ መምራት የጀመረው በ1920ዎቹ ነው። ያኔ ኤላ ገና ልጅ ነበረች። ባንዱ ሥራ አጥቶ ተንከራቷል። በኋላ ሃርለም፣ የኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር፣ ይገኝ በነበረው የሳቮይ ዳንስ አዳራሽ ስሙን ተከለ። ኤላ የመጣችው በ1935 ነው፤ ታዳጊ፣ ቤት የሌላት፣ ልብሷ ያልተስተካከለ። መጀመሪያ አመነታ። ስትዘፍን ሰምቶ ግን ቀጠራት። በ1938 ከልጆች መዝሙር ተነስተው የሠሩት ዘፈን አገር አዳረሰ። ዌብ ከሞተ በኋላ ባንዱ በእሷ ስም እስከ 1942 ቀጠለ። ግራ የተጋባችሁት እዚህ ላይ ነው። አጃቢዋ አልነበረም፤ በር የከፈተላት እሱ ነው።

ሳቮይን ካነሳሁ አይቀር፣ እዛ ጥቁርና ነጭ አብሮ ይጨፍራል። በዛን ዘመን አሜሪካ ይሄ ብርቅ ነው። መድረኩ ሁለት ነው፤ አንዱ ባንድ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል። ስለዚህ ፉክክር አይቀርም። ሜይ 11፣ 1937 ቤኒ ጉድማን ባንዱን ይዞ መጣ። የስዊንግ፣ የዘመኑ የዳንስ ጃዝ፣ ንጉሥ የሚባለው ጉድማን! ድራመሩም ጂን ክሩፓ፣ በወቅቱ አገር ያወቀው ኮከብ። አዳራሹ ጢም አለ፣ መግባት ያቃተው በሺህ የሚቆጠር ሰው ውጪ ቀረ። ዌብ አሸነፈ። ክሩፓ ራሱ መበለጡን ሳይደብቅ ተናግሯል። እኔ ክሩፓን በዚህ በጣም ነው የማከብረው። (ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እዚች ጋ አድርጉልኝማ።)

ከ1938ቱ ዘፈን በኋላ የባንዱ ጉዞ በዛ። ዛሬ አንድ ከተማ፣ ነገ ሌላ። ጥቁር ሙዚቀኛ ብዙ ሆቴል በማያስገባበት አገር፣ በዛ በጎበጠ ጀርባው፣ አውቶቡስ ላይ። ህመሙ እየባሰ ሄደ፤ እሱ ግን መምታቱን አላቆመም። ጁን 16፣ 1939 ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። እናቱ አጠገቡ ነበረች። "ይቅርታ፣ መሄድ አለብኝ" ብሎ ነው የተለያት ይባላል።

አሁን ሄዳችሁ ዌብና ባንዱ በ1937 የቀዱትን "ሃርለም ኮንጎ" ክፈቱ። በስልክ ስፒከር እንዳታደርጉት፣ ኢርፎን ሰክታችሁ። ወደ መጨረሻው አካባቢ መለከቱም ሳክስፎኑም ቦታውን ይለቅለታል። እዛ ጋ እጁን ስሙት።