«ኢ ቲ» ብለህ ብትጽፍ ኢስቶኒያ ትደርሳለህ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ድረ ገጽና ስለ ጉግል አንስተን ስልኩ እረፍት አጣ። ከደሴ፣ ከላሊበላ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከከሚሴና ከሐይቅ ተደወለ። የሁሉም ጥያቄ መነሻው አንድ ነው፦ «ገጼን የምፈልገው ሰው፣ በሚያውቀው ቋንቋ፣ ባለበት አገር ሆኖ እንዴት ያገኘዋል?» ሰዓቱ ስላልበቃን መልሶቹን እዚህ ዘርዘር አድርጌያቸዋለሁ።

ከላሊበላ፦ «የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ገጼ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ተሠርቷል። ሰው ከየት አገር እንደገባ አይቶ ቋንቋውን ራሱ ይቀይራል። ጀርመኖች ግን ጉግል ላይ ፈልገው አላገኘንሽም ይሉኛል።»

እህቴ፣ የሠራልዎት ልጅ አስቦልዎት ነው። አንድ እንግዳ ግን ረስቷል፤ ጉግልን ራሱን። ጉግል ገጾችን እየዞረ የሚያነብለት ፕሮግራም አለው፣ ጉግልቦት ይባላል። ጉግልቦት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአሜሪካ ነው። የእርስዎ ገጽ ደግሞ ከአሜሪካ ለመጣ ሁሉ እንግሊዝኛውን ይከፍታል። ስለዚህ ጉግልቦት መቶ ጊዜ ቢመላለስም ጀርመንኛውን አላየውም። ያላየውን ደግሞ ለበርሊን ሰው ሊያሳይ አይችልም። ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ብራውዘሩ፣ «በዚህ ቋንቋ ስጠኝ» የሚል መልእክት ለድረ ገጹ ይልካል። ጉግልቦት እሱንም አይልክም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ቋሚ አድራሻ ይኑረው። ከድረ ገጽዎ ስም ቀጥሎ እዝባር አድርጎ ለአማርኛው «ኤ ኤም»፣ ለእንግሊዝኛው «ኢ ኤን»፣ ለጀርመንኛው «ዲ ኢ» ማለት ይበቃል። ከዚያ ራሱ የሚቀይረውን ነገር ያስወግዱት። በምትኩ ከላይ የቋንቋዎቹን ስም የያዙ ሊንኮች ያስቀምጡ፤ እንግዳው ራሱ ይምረጥ። አዲስ አበባ ሆኖ ለገና ወደ ላሊበላ ለመውጣት ያሰበ ጀርመናዊን አስቡት። አሁን ባለው አሠራር አማርኛ ነው የሚከፈትለት!

ባንዲራ አታድርጉ እላለሁ ሁልጊዜ። ጀርመንኛ የኦስትሪያም ቋንቋ ነው። የእንግሊዝኛውስ ባንዲራ የማን ሊሆን ነው? የቋንቋውን ስም በራሱ ቋንቋ መጻፍ ይበቃል።

ሌላም ነገር አየሁ፣ ገጽዎን ከፍቼው ነበር። ጀርመንኛው ላይ የተተረጎመው ማውጫው ብቻ ነው። የክፍሎቹ መግለጫ እንግሊዝኛ ነው። ጉግል የገጹን ቋንቋ የሚለየው ለሰው ከሚታየው ጽሑፍ ነው እንጂ ኮዱ ውስጥ «ይሄ ጀርመንኛ ነው» ስላልነው አይደለም። ስለዚህ ሙሉውን ያስተርጉሙት፤ የቁርሱን ዝርዝር ጭምር።

ከኮምቦልቻ፦ «ዌብሳይት እሠራለሁ። ኤችሬፍላንግ አስገብቻለሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ለኢትዮጵያ ብዬ «ኢ ቲ» ነው የጻፍኩት።»

ወንድሜ፣ አማርኛህን ለኢስቶኒያ ሰዎች ሰጥተህልናል። አትዘን፣ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው።

ላልሰሙት ላስረዳ። ኤችሬፍላንግ ጉግል በ2011 ያመጣው ምልክት ነው። «ይሄ ገጽ በሌላ ቋንቋ ወንድም አለው፣ አድራሻውም ይኸውና» ይላል። መጀመሪያ የሚጻፈው የቋንቋው ኮድ ነው። የአገሩ ኮድ ከፈለግህ በኋላ ይጨመራል፣ ካልፈለግህ ይቀራል። አገር ብቻውን አይጻፍም። «ኢ ቲ» እንደ አገር ኢትዮጵያ ነው፣ እንደ ቋንቋ ግን ኢስቶኒያኛ። አማርኛ «ኤ ኤም» ነው። «ኤ ኤም» ደግሞ እንደ አገር አርሜኒያ ነው! አፋን ኦሮሞ «ኦ ኤም» ሲሆን እንደ አገር ኦማን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ካዛባኸው አለቀልህ። ለኢትዮጵያ አማርኛ «ኤ ኤም»፣ ሰረዝ፣ «ኢ ቲ» ብለህ ጻፍ። ለእንግሊዝ አገር ደግሞ ኮዱ «ጂ ቢ» ነው፣ «ዩ ኬ» አይደለም።

ሁለተኛው ጣጣ መመላለሱ ነው። ይሄ እንደ ቡና መጠራራት ነው። አማርኛው ገጽ እንግሊዝኛውን ከጠራ፣ እንግሊዝኛውም አማርኛውን መልሶ መጥራት አለበት። አንዱ ብቻ ከጠራ ጉግል ምልክቱን ሊተወው ይችላል። እያንዳንዱ ገጽ ራሱንም ይጠራል። ቋንቋው ለማይታወቅ ሰው የሚሆነው «ኤክስ ዲፎልት» የሚባለው በ2013 የተጨመረ ነው፤ እንግሊዝኛውን ስጥበት።

አንዳንዱ ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለገጽ ባለቤቶች የሚሰጠው መከታተያ) ውስጥ የኤችሬፍላንግ ስህተት የሚያሳየውን ሪፖርት እየፈለገ ይደክማል። አትልፋ፣ በ2022 ተነስቷል። በእጅህ አረጋግጥ።

ደግሞ ተስፋህን አታብዛው። ኤችሬፍላንግ ገጽን ወደ ላይ አያወጣም። ተራህ ሲደርስ ትክክለኛውን ቋንቋ ለትክክለኛው ሰው ያቀርባል፣ ሥራው ይሄው ነው። ቢንግ የሚባለው ሌላው መፈለጊያ ደግሞ ብዙም አይተማመንበትም። እሱ የሚያየው የገጹን ቋንቋ የሚናገረውን ሌላ ምልክት ነው፣ «ኮንቴንት ላንጉዌጅ» የሚባለውን።

ከደሴ፦ «የአምባሰል ማርና የባህል ልብስ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ጂዳም ዱባይም አሉ። ለየአገሩ ለየብቻ የአማርኛ ገጽ ላሠራ?»

ጋሼ፣ ብርዎን አያባክኑ። ቋንቋና አገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጂዳ ያለችው የወሎ ልጅና ደሴ ያለችው እህቷ የሚያነቡት አንድ አማርኛ ነው። «ኤ ኤም» ብቻውን ለሁለቱም ይበቃል፣ አገር አይጨመርበትም። የሳዑዲና የኤምሬትስ ገጽ የሚለያዩት ዋጋው፣ የማድረሻ ክፍያው ወይም ስልኩ ሲለያይ ነው። ያኔም ልዩነቱ በጉልህ ይታይ፤ አንዱ በሪያል፣ ሌላው በድርሃም። አንድ ዓይነት ጽሑፍ በሁለት አድራሻ ቢያስቀምጡ ቅጣት የለውም። ግን ጉግል አንዱን መርጦ ሌላውን ሊተወው ይችላል። ልፋትዎ ከንቱ ይሆናል።

ገዢዎ አረብኛ ተናጋሪ ከሆነ ግን ያ ሌላ ወሬ ነው። አንድ ጥሩ የአረብኛ ገጽ ከአምስት የአማርኛ ገጽ ይበልጥልዎታል።

ስለ ድረ ገጹ ስምም ጠይቀውኛል። በ«ነጥብ ኢ ቲ» የሚያልቅ ስም ጉግልን «ይሄ የኢትዮጵያ ነው» ይለዋል። ገበያዎ አገር ቤት ብቻ ከሆነ ግሩም ነው። ውጭም የሚሸጡ ከሆነ «ነጥብ ኮም» ይሻልዎታል። «ነጥብ ኤ ኤም»ን አማርኛ ስለሚመስል እንዳይገዙት፣ የአርሜኒያ ነው። ገጽዎ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የትም አገር ቢቀመጥ ግድ የለም።

ከከሚሴ፦ «በጉግል ትራንስሌት 12 ቋንቋ ብጨምር ብዙ ሰው አይመጣም?»

አይመጣም። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን በ2016፣ አፋን ኦሮሞን በ2022 ጀምሯል፤ ለመግባቢያ ጥሩ ነው። ግን ማንም ያላየውን የማሽን ትርጉም ለፍለጋ ብሎ በገፍ ማፍሰስን ጉግል በአይፈለጌነት ይመድበዋል። አማርኛውንና አፋን ኦሮሞውን አንተው ጻፋቸው፤ ከሚሴ ተቀምጠህ ለሁለቱ ማሽን አያስፈልግህም። ሦስተኛ ከፈለግህ ተርጉመህ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያንብብልህ።

ከሐይቅ፦ «በሐመሩ ሐ ልጻፍ ወይስ በሀሌታው ሀ? ሰው የሚፈልገው በየትኛው ነው?»

ይሄኛው ጥያቄ ሁሉንም አስረሳኝ። የውጭ አገር የፍለጋ መምህራን የማያውቁት የእኛ ራስ ምታት ነው። ፊደሉን ጠንቅቆ የሚጽፍ አለ፣ በስልኩ ቶሎ የመጣለትን የሚነካ አለ። እኔ የማደርገው ይሄ ነው፦ በርዕሱ ትክክለኛ የምለውን እጽፋለሁ፣ በጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ሌላው አጻጻፍ ቦታ ካገኘ አንድ ጊዜ ይገባል። በመደዳ መደርደር ያስቀይማል። በላቲን ፊደል የሚፈልገውን ሰው የእንግሊዝኛው ገጽ ይቀበለው። ከወር በኋላ ሰርች ኮንሶልን ክፈትና ሰዎች በየትኛው ፊደል እንደመጡ ተመልከት። ግምቴን ከመስማት እሱን ማየት ይሻላል።

የቦታ ስም ላይ ደግሞ ወሎን ጨምርበት። ኮምቦልቻ ሐረርጌም አለች።