ሁለቴ ሰገደ

እየቀዳ ነው? ቀይዋ በርታለች፣ እሺ። ሰላም ናችሁ። ዛሬም መግቢያ ሙዚቃ የለም፤ ምክንያቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጎረቤታችን አሁንም እዛው ነው ያለው።

ስለዚያች ቪዲዮ ላውራ። ባለፈው "በቃ፣ አልነካትም" ብዬ ነበር። ግን ትናንት ማታም ከፈትኳት። 41 ሰከንድ ናት። የላካት ባለ ጃንጥላው ነው፣ ቨርጂኒያ ያደገው የኮሪያ ልጅ፤ "ስሜን ብቻ አትጥሪ" ብሎ ፈቅዷል፣ ስለዚህ ባለ ጃንጥላው እንደሆነ ይቀጥላል።

ሶላል ጠዋት ነው፣ የኮሪያውያን የጨረቃ አዲስ ዓመት። ሚርያንግ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ አያቱ ቤት። ሃልሞኒ፣ ሴት አያቱ ማለት ነው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ትራስ ነገር አንጥፈው ተቀምጠዋል። ልጁ ፊታቸው ቆመ። ግራ እጁን በቀኙ ላይ ደረበ። ወንድ ግራው ነው ከላይ የሚሆነው፣ ሴት ቀኟ፤ ለቅሶ ቤት ከሆነ ይገለበጣል። ከውጭ የሚመጡት ብዙዎቹ እዚህች ጋ ነው የሚስቱት፣ እሱ አልሳተም። ጎንበስ ብሎ መዳፎቹን ወለሉ ላይ አደረገ፣ ግራ ጉልበቱን አስቀድሞ ቀኙን አስከተለ፣ ተረከዙ ላይ ቁጭ አለ፣ ክርኖቹ ወለሉን ነኩ፣ ግንባሩ ወደ እጁ ጀርባ ወረደ። ትንሽ ቆየ። ሲነሳ ቀኝ ጉልበቱን አስቀደመ። አንድም ስህተት የለም! 17ኛው ሰከንድ ላይ ቆሟል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው አንገቱን ሰበር አድርጎ መቀመጥና ዶክዳም መጠበቅ ነው። ዶክዳም ምርቃት ነው፣ ሌላ ትርጉም አትፈልጉለት። መራቂው አያት፣ አሜን ባዩ ልጅ፣ ከዚያ ኤንቬሎፕ።

19ኛው ሰከንድ ላይ እጆቹ እንደገና ተደረቡ።

ከካሜራው ጀርባ አክስቱ "ኦ!" ትላለች። "ኦ" ብቻ። እሱ ግን ወርዷል። ደግሞ ሰገደ።

ለሕያው ሰው አንዴ ነው የሚሰገደው። ሁለቴ የሚሰገደው ለሞተ ነው።

...

ቆይ፣ ልጁን ልከላከልለት። በሶላል ጠዋት ሁለት ነገር ነው ያለው። መጀመሪያ ቻሬ ይቀድማል፣ የሙታኑ ገበታ። ሩዝ በነበረበት ቦታ ጦክጉክ ይቀርባል፣ ክብ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ የሩዝ ሊጥ በሾርባ። ("ጦ" በሉት አጥብቃችሁ፤ እኛ ጠ ስላለን ዕድለኞች ነን፣ አሜሪካኖቹ እዚህ ፊደል ላይ ነው የሚሰቃዩት።) ቀይ ፍሬ በምሥራቅ፣ ነጩ በምዕራብ። ዓሣ በምሥራቅ፣ ሥጋ በምዕራብ። ኮክ አይቀርብም። ስሙ በ"ቺ" የሚያልቅ ዓሣ አይቀርብም። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት አይነካውም፣ ነፍሶቹን ያባርራል ይላሉ። እንግዲህ የእኛ ሙታን ያለ በርበሬ የሚመጡ አይመስለኝም፣ ግን ይሁን። ለዚህ ገበታ ሁለት ሁለቴ ይሰገዳል። ከዚያ ገበታው ይነሳና ያው ክፍል፣ ያው ወለል፣ ያው ልብስ፣ ሕያዋኑ ይቀመጣሉ፤ ይሄ ሴቤ ነው፣ አንዴ። ልጁ ከአጎቶቹ ጋር ሁለት ሁለቴ ሲወርድ ሲነሳ ቆይቶ ነው አያቱ ፊት የቆመው። ጉልበቱ ገና ከሙታኑ አልተመለሰም።

ቤታቸው ደግሞ ይህን አያውቁትም። አናንዴል፣ ቨርጂኒያ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ካቶሊኮቹ በፈረንጆቹ ከ1939 ጀምሮ ተፈቅዶላቸዋል፤ ፕሮቴስታንቶቹ ግን አብዛኞቹ ለሙት አይሰግዱም፣ በመዝሙርና በጸሎት ያስባሉ። ስለዚህ ልጁ ስግደቱን ከስልክ ነው የተማረው፣ የተማረበት ቪዲዮ ደግሞ የጄሳ ነበር። የሙታን። እጁን፣ ጉልበቱን፣ ክርኑን አስተማረው፣ ቁጥሩ ለማን እንደሆነ ግን አልነገረውም።

እኛ ጋ የአምልኮ አለ፣ የአክብሮት አለ፣ ስንቴ እንደወረድክ ግን ቆሞ የሚለየው የለም። ጉልበት ስትስሙ ማን ቆጠረባችሁ? ሁለቱንም ጉልበት ነው የምትስሙት። ሁለት ስለሆኑ።

ያስቀኛል፤ አፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እሱ የሚያውቀው ኮሪያኛ የቤት ኮሪያኛ ነው፣ ማለትም ወላጅ ለልጁ የሚያወራው። ልጅ የሚሰማውን ነው የሚመልሰው። የመጀመሪያ ቀን ለሃልሞኒ "ፓፕ መገሶ?" አላቸው። በላሽ እንዴ? እንደማለት። "ጂንጂ ዱሾሶዮ" ነው የሚባለው፤ ለትልቅ ሰው ግሱ ብቻ ሳይሆን ምግቡም ስሙ ይለወጣል። ይህን ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥቶ አያቱን "ና ብላ" ያላቸው ልጅ የሌለበት ቤተሰብ የለም። ሁሉም ይስቃል። አያትየውም ይስቃሉ፣ ግን ትንሽ ዘግይተው።

የኮሪያኛ ትምህርት ቤቱም እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። አንድ ደረጃ 10 ሳምንት ነው፣ 200 ሰዓት፣ በቀን 4 ሰዓት። እንደሱ ያሉት የምደባ ፈተናው ላይ ስለሚያወሩ ከፍ ብለው ይገባሉ። ከዚያ ድርሰት ሲመጣ፣ ትሕትናውን በጽሑፍ አድርግ ሲባል፣ ከቬትናም በሦስት ደረጃ የመጣችው ልጅ ትበልጠዋለች። የምመክረው፦ አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ። ይሰለቻል። ዝቅ በሉ።

በድምፅ መልእክት ስለ ዜግነት ወረቀቱ ለጠየቃችሁኝ፣ ቶሎ ልበለው። ለወንድ ልጅ ወሳኙ ቀን ነው። በተወለደ ዕለት ወላጁ ኮሪያዊ ዜጋ ከነበረ፣ አሜሪካም ቢወለድ፣ ማንም ባያስመዘግበውም ኮሪያዊ ነው። ድሮ በአባት ብቻ ነበር፣ ከጁን 1998 ወዲህ በእናትም ነው። ዜግነቱን መተው ከፈለገ 18 በሚሞላበት ዓመት እስከ ማርች 31 ነው፤ ካለፈችው ውትድርናው ይከተለዋል። በ2020 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ተቃወመው፣ ከ2022 ጀምሮ በልዩ ሁኔታ ማመልከት ተቻለ፤ ተቻለ ማለት ግን ተሳካ ማለት አይደለም።

የባለ ጃንጥላው አባትና እናት ቀድመው አሜሪካዊ ሆነዋል፣ በዚህ ተረፈ። ኤፍ-4 ቪዛ ሲጠይቅ ግን፣ የእነሱ ቢጫ ካርድ በሉት፣ ጉዱ ወጣ፤ አባትየው ዜግነት መቀየሩን ለኮሪያ አላሳወቀም። መዝገቡ ላይ አሁንም ኮሪያዊ ነው። በጣም የተለመደ ነው ይሄ። መጀመሪያ የአባት ዜግነት ማጣት ይመዘገባል፣ የአሜሪካው ወረቀት ላይ ያለው ስምና መዝገቡ ላይ ያለው ስም የአንድ ሰው መሆኑ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ነው የልጁ የሚታየው። የኤፍ ቢ አይ የወንጀል ማጣሪያም ከነአፖስቲሉ፣ ማለት ከነማረጋገጫው። አባቶቻችሁ "ኧረ ድሮ ጨርሻለሁ" ካሏችሁ አትመኑ፣ መዝገቡን አስወጡ።

እና ልጁ አባቱን ከመዝገብ ሊያስወጣ ነው ፊርማ የሰበሰበው። ያው ሳምንት። ከሶላል በፊት።

እህ።

ስሙማ አያገናኝም። ልጁ ፓክ ዘሚርያንግ ነው፣ እንደ "ዘብሔረ ቡልጋ" አድርጋችሁ ስሙት፤ ቦንግዋን ይሉታል፣ የዘር መነሻ አገር። በፈረንጆቹ 2015 ቆጠራ ፓክ ዘሚርያንግ ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ዝምድናውን የሚቆጥሩት በቾን ነው፤ ከወላጅህ 1፣ ከወንድምህ 2፣ ከአጎትህ 3፣ ከአጎትህ ልጅ 4። ባልና ሚስት ዜሮ! እስከ 8 ቾን መጋባት በሕግ ክልክል ነው። ሰባት ቤት ቆጣሪዎች፣ አትኩሩ፤ እኛ ወደ ላይ ብቻ ነው የምንወጣው፣ እነሱ ወጥተው ይወርዳሉ፣ 8 ቾን ማለት አራት ትውልድ ላይ መገናኘት ነው። ስለዚህ እኛ እንብሳለን። ወይ እናሸንፋለን። ምን ላይ እንደሆነ እንጃ።

ወደ ቪዲዮዋ ልመለስ።

26ኛው ሰከንድ፣ ሁለተኛዋን ጨርሶ ተነስቷል። ሃልሞኒ እሱን አያዩም። በቀኝ በኩል አንድ ልጅ ስልክ ይዟል፤ ስልኩ ላይ አባትየው ነው፣ ቨርጂኒያ በ14 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እዚያ ገና የዋዜማው ምሽት ነው። እሳቸው የሚያዩት ስልኩን ነው። እና አንድ ነገር ይላሉ። አጭር፣ አራት አምስት ድምፅ። የአካባቢው፣ የግዮንግሳንግ አነጋገር ነው፣ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ 200 ሰዓት አይደርስበትም።

ልጁ "አልሰማሁም" ነው የሚለው። አክስትየው "ጦክጉኩ ሳይቀዘቅዝ ብላ ነው ያሉት" አለች፤ ፈጥና ነው ያለችው፣ ያ ደስ አላለኝም። የሴኡል ሰው ማዳመጫ አድርጎ ሰማና "'ገና ነኝ' ይመስላል" አለ። ከዚያ "ወይም 'ገና ነው'" አለ። በአንድ ፊደል! ማን ነው ገናው? እሳቸው ናቸው? ልጁ? ወይስ ለስልኩ ነው... ማለት መዝገቡን ሰምተው ከሆነ፣ ልጃቸውን ሊያስወጡት መሆኑን ከሰሙ፣ ሁለተኛዋ ስግደት ለማን...

አይ። ፊልም አደረግኩት። ሴትየዋ 80 አልፈዋል፣ ልጁ ቆጠራ ተሳሳተ፣ ሾርባ ቀዘቀዘ። በቃ ይሄው ነው። ኤንቬሎፑንም አግኝቷል፣ 50,000 ዎን። ሁለቴ ሰግዶ አንድ ኤንቬሎፕ፣ እያልን ስንስቅበት ነበር፤ እሱም ስቋል።

ግን 28ኛው ሰከንድ ላይ እጃቸውን ያነሳሉ። ቀኝ እጃቸውን፣ እስከ ደረታቸው ድረስ። ወይ ሊመርቁ ነው፣ ወይ "ተው" ሊሉ ነው፣ ወይ ስልኩን አምጡልኝ ነው። ከዚያ ስልኩን የያዘው ልጅ ይስቃል፣ ካሜራውም ይናወጣል፣ ጣሪያው ይታያል፣ ያልቃል።

ቆይ... እዚሁ አለችኝ። ድምፁን ከፍ ላድርገው፣ እናንተም ስሙ፣ ከ"ኦ!" በኋላ ነው፣ ሳቁ ሳይጀምር። ተዘጋጁ።

...

ሰማችሁ? አንዴ ልድገመው።