ዕጩው መድረካችን ላይ፣ ክለባችን በቦታው

የተከበራችሁ የክለብ ፕሬዚዳንቶች፣ ጸሐፊዎችና የፕሮግራም ኃላፊዎች፣

የምርጫ ሰሞን በደረሰ ቁጥር እንደ ሮታሪና ላየንስ ካሉ የበጎ አገልግሎት ክለቦቻችን አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ዕጩ ተወዳዳሪ በስብሰባችን ላይ ጋብዘን ማናገር እንችላለን ወይ? እንችላለን። የሮታሪ ክለቦች መደበኛ መተዳደሪያ ደንብ የሕዝብ ጉዳይ በክለብ ስብሰባ ላይ ለአባላት ግንዛቤ እንዲመረመር ይፈቅዳል። ደንቡ ግን ክለቡ ለማንኛውም ዕጩ ድጋፍ እንዳይሰጥ፣ በስብሰባው ላይም የዕጩን ጠንካራና ደካማ ጎን እንዳይወያይ ይከለክላል። የላየንስ ክለቦች ዓላማዎችም ለሕዝብ ጉዳይ ክፍት መድረክ መሆንን ጠቅሰው፣ አባላት በፓርቲ ፖለቲካና በሃይማኖት ወገንተኝነት እንዳይከራከሩ ይላሉ። ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ስለ አሠራሩ ነው፤ ክለቡ ወገነ ወይስ አልወገነም የሚባለው ጥቃቅን በሚመስሉ ነገሮች ነውና።

ግብዣው በደብዳቤ ይሁን። ለአንድ የምርጫ ወንበር ለሚወዳደሩት ዕጩዎች ሁሉ፣ በአንድ ቀን፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይላክ። የስብሰባው ቀን፣ የመናገሪያው ደቂቃ፣ የጥያቄው አቀራረብና የመልስ ቀነ ገደብ ይጻፍበት። ጸሐፊው የተላከውንና የተመለሰውን በአንድ ፋይል ያኑር። ነገር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አንድ አባል ደውሎ «የማውቀው ዕጩ አለ፣ ላምጣው» ይላል፤ ለሳምንቱ ተናጋሪ ስላልተገኘ ኃላፊው እሺ ይላል፤ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ወሬውን ከፎቶ ላይ ያዩታል። ከዚያ በኋላ የሚላክ ግብዣ ማስተባበያ እንጂ ግብዣ አይመስልም።

ከተጋበዙት አንዱ ብቻ ቢመጣ ፕሮግራሙ አይሰረዝም። አወያዩ ሁሉም መጋበዛቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። የቀረው ሰው ስም የተለጠፈበት ባዶ ወንበር ግን አታስቀምጡ፤ እሱ ራሱ ነቀፌታ ነው። ስብሰባውን ከድምፅ መስጫው ቀን ቢያንስ 3 ሳምንት አስቀድሙት፤ ላልተመቸው ሰው ተመሳሳይ ሰዓት በሌላ ቀን መስጠት ይቻላል። በብዙ አገር ከድምፅ መስጫው በፊት ቅስቀሳ የሚከለከልበት ጊዜ ስላለ የምርጫ ሕጉንም ቀድማችሁ እዩ።

በ60 ደቂቃ ስብሰባ 10ሩ ለክለቡ ጉዳይ፣ 20ው ለእንግዳው፣ 25ቱ ለጥያቄ፣ 5ቱ ለመዝጊያ ይበቃል። ሰዓት ያዡ እንግዳው በሚያየው ቦታ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ «5 ደቂቃ» እና «1 ደቂቃ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈባቸው ሁለት ካርቶኖች ይያዝ። ፕሬዚዳንቱ ሰዓት አይያዝ፤ እንግዳን ማቋረጥ ይከብደዋል፣ የተጓተተው ደቂቃ የሚቀነሰው ደግሞ ከጥያቄው ጊዜ ነው። ማስተዋወቂያው ዕጩው ራሱ የላከው 80 ቃል ያህል ታሪክ ሆኖ ያለ ምንም ሙገሳ ይነበብ።

ጥያቄ የምሽቱ ዋና ፍሬ ነው። ማይክሮፎኑን ለታዳሚ አትስጡ፤ ከሦስት ሰው ሁለቱ ንግግር ያደርጋል። በየወንበሩ ላይ ትንሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይቀመጥ፤ ሁለት አባላት ሰብስበው በርዕስ ይለዩ፣ የተደጋገመውን አንድ ያድርጉ፣ አወያዩም የጠያቂውን ስም ሳይጠራ ያንብብ። ለሁሉም ዕጩ የሚቀርቡ ሦስት ጥያቄዎች ደግሞ ክለቡ ቀድሞ ያዘጋጅ፤ እነዚህ ከራሳችን ሥራ ይውጡ። «ለንጹሕ ውኃ ምን ያህል ትኩረት ይሰጣሉ?» ብትሉት «ከፍተኛ ትኩረት» የሚል መልስ አግኝታችሁ ትለያያላችሁ። «ክለቦች ጉድጓድ አስቆፍረው ካስረከቡ በኋላ ለተበላሸ ፓምፕ መለዋወጫ የሚገዛው ከየትኛው በጀት ነው? ጥገናውን የሚሠራው ማን ነው?» በሉት። መልሱን ካላወቀ አለማወቁ ይታያል፤ ካወቀ ደግሞ ከምርጫው በኋላ የምትይዙት ቃል አላችሁ። ይህን ጥያቄ ከእኛ በቀር ማን ይጠይቃል?

ክለብን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ፎቶ ነው። ዕጩው የክለቡ ባነር ሥር ቆሞ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ሲጨባበጥ የተነሳው ፎቶ በነጋታው የቅስቀሳ ማስታወቂያ ላይ ይወጣል፤ ያየው ሰው ሁሉ ክለቡ ደገፈው ይላል። ባነሩን ለዚያ ቀን አውርዱት፤ ፎቶ ባዶ ግድግዳ ፊት ይነሳ። የክለቡ ስምና አርማ በቅስቀሳ እንዳይውል ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ለእንግዳ ተናጋሪ የምንሰጠው ትንሿ የክለብ ባንዲራም ለዚህ እንግዳ ትቅር። በራሪ ወረቀት አዳራሽ ውስጥ አይታደል፣ የአባላት ስልክ ዝርዝርም አይሰጥ። ዕጩው ለፕሮጀክታችን ገንዘብ ልስጥ ካለ፣ አመስግናችሁ ምርጫው እስኪያልፍ አቆዩት።

አባላችን ራሱ ከተወዳደረስ? እንደ ሌሎቹ በደብዳቤ ይጋበዝ፤ ኃላፊነት ካለው እስከ ምርጫው ማግስት ስብሰባ አይምራ፣ በክለቡ ስምም አይናገር።

በጣም ተጠንቀቁ የምለው ግን እንግዳው ከወጣ በኋላ ላለው ሩብ ሰዓት ነው። ስብሰባው ሳይዘጋ አንዱ «ጎበዝ ነው» ይላል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ደንቡ የከለከለው ውይይት በዚያው ተጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አመስግኖ፣ እንግዳው አዳራሹ ውስጥ እያለ ስብሰባውን ይዝጋ። ቃለ ጉባኤው ላይም ማን እንደተናገረና ስንት ደቂቃ እንደወሰደ፣ ምን ጥያቄ እንደቀረበለት ብቻ ይስፈር።

የናሙና ደብዳቤው በር ላይ አለ። ጥያቄያችሁን ፊታችሁ ባለው ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሁለት አባላት አሁን ይሰበስባሉ።