ስሙን መጨረሻ እመኑ

የተከበራችሁ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እዚህ ካላችሁት የብዙዎቻችሁ ቤት በጨርቅ የተጠቀለለ የጃፓን ጎራዴ እንዳለ አውቃለሁ። አንዱ ከእስቴት ሴል፣ ማለት ከሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ፣ ሌላው ከጨረታ የመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 ጃፓን እጅ ስትሰጥ ስንትና ስንት የአሜሪካ ወታደር ጎራዴ ይዞ ወደ አገሩ ገባ። ዛሬ እነዚያ ሰዎች አልፈዋል። ልጆቻቸው ቤት ሲያጸዱ ጎራዴው ለገበያ ይወጣል።

የሁላችሁም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ያወጣል?» እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት። ለቢላ ሞራጅ አትስጡት። ስለቱን በጣት አትሞክሩት፤ ላብ ብረት ያዝጋል፣ ጣትም ይቆረጣል። ተፍቆ የሄደ ብረት አይመለስም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጦ ጎራዴ «ያሳመረ» ሰው የስንት መቶ ዓመት ዕቃ ገደለ ማለት ነው።

አሁን እንየው። ከሁሉ በፊት ቅርጹን። ርዝመቱን ከጫፉ አንስቶ፣ በጀርባው በኩል ብረቱ እጀታው ውስጥ ሊገባ ሲል እስካለችው ጥርስ ድረስ፣ በቀጥታ ለኩ፤ እጀታ ውስጥ የሚገባው አይቆጠርም። ከ60.6 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ካታና ወይም ታቺ የሚባለው ቀደም ያለው የፈረሰኛ ጎራዴ ነው። ከ30.3 እስከ 60.6 ዋኪዛሺ፣ ከዚያ በታች ታንቶ። ጉብጠቱም ዘመን ይናገራል። የፈረሰኛ ዘመን ታቺ ጎበጥ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹና በ70ዎቹ የተሠሩት ደግሞ ቀጥ ወደ ማለት ያደላሉ።

ቀጥሎ እጀታውን አውልቁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የጎራዴ ሥሩ እጀታ ውስጥ የሚደበቀው ጭራ ነው፤ ጃፓኖች ናካጎ ይሉታል። እጀታው ላይ ያለችውን የቀርከሃ ችንካር በትንሽ የናስ መዶሻ ገፋ አድርጋችሁ አውጡ። ከዚያ የእጀታውን ጫፍ በግራ እጅ ያዙ፤ ጎራዴው ወደ ላይ ይቁም፣ ትንሽ ዘንበል ይበል። በቀኝ ቡጢ የግራ አንጓችሁን ቀስ አድርጋችሁ ምቱ። ብረቱ ራሱ ይለቃል። እምቢ ካለ አትታገሉት፤ ለሚያውቅ ሰው ተዉት።

ጭራው ላይ ያለውን ዝገት በምንም ተአምር አትንኩት! ያ ዝገት የልደት ካርዱ ነው። የቆየ ዝገት ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ቀላ ብሎ ጣት ላይ የሚራገፍ ከሆነ ጠርጥሩ፤ በአሲድ የተቀባ የቅርብ ሥራ ሊሆን ይችላል። የሞረድ መስመሮችንም እዩ፤ አንጥረኞች የየራሳቸው አጣጣል ነበራቸው። ከአንድ በላይ ቀዳዳ ካለ ደግሞ እጀታው ተቀይሯል፣ ወይም ጎራዴው አጥሯል። ሲያጥር ፊርማው አብሮ ተቆርጦ የሄደባቸው ድንቅ ጎራዴዎች አሉ። ስለዚህ ፊርማ የለውም ብላችሁ አትናቁ።

ፊርማ ካለስ? እዚህ ጋ ነው ሰው የሚከስረው። ናጋሶኔ ኮቴቱ የሚባል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ የሠራ ስመ ጥር አንጥረኛ አለ። ስሙ እጅግ ብዙ ጊዜ ተጭበርብሯል። ከጃፓን አንጥረኞች ሁሉ ስሙ የገነነው ማሳሙኔማ የፈረመው ሥራ በጣት የሚቆጠር ነው። «ማሳሙኔ» የሚል ካገኛችሁ ደስታችሁን ያዝ አድርጉ። ማጭበርበሩ ደግሞ የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ሐሰተኛው ፊርማ ራሱ 200 ዓመት ሊሞላው ይችላል። ፊርማው ውሸት፣ ጎራዴው ግን እውነተኛ ሸጋ ሥራ የሆነበትም አለ። ብረቱና ቅርጹ ካልመሰከሩለት ስሙን አትቀበሉ የምለው ለዚህ ነው።

ብረቱ የሚመሰክረው በስለቱ ላይ ነው። አንጥረኛው ጀርባውን በወፍራም፣ ስለቱን በስስ ጭቃ ይለብጥና አግሎ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ስለቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ ጀርባው ለዘብ ይላል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ነጣ ያለ መስመር ሃሞን ይባላል። ክፍሉን ጨለም አድርጉ፣ አንድ መብራት ብቻ ይብራ፤ ጫፉን ወደ መብራቱ አቅንታችሁ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። እውነተኛው ሃሞን ማለዳ እንጦጦ ላይ እንደተኛ ጉም ነው፤ ውስጡ ጥቃቅን ብልጭታ አለው። በአሲድ የተሳለው በየትኛውም ማዕዘን ያው ደረቅ ነጭ ነው።

ጉድለቱንም ፈልጉ። ስለቱን ወደ ጎን የሰነጠቀች የፀጉር ያህል መስመር፣ ሃጊሬ የምትባለው፣ ጎራዴውን ዋጋ ታሳጣለች። እኛ «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» ስንል ለተረት ነው፤ የጃፓን ብረት ግን የምር ያብጣል፣ በንብርብሮቹ መካከል አየር ሲቀር። ያ ግን እንደ ስንጥቁ ገዳይ አይደለም።

ስለ ጦርነቱ ጎራዴዎች አንድ ነገር ልበል። ተከታታይ ቁጥር ብረቱ ላይ የተመታበትና እጀታው ቀለም የተቀባ ብረት የሆነው የበታች መኮንን ጎራዴ የፋብሪካ ሥራ ነው። የጦርነት ማስታወሻ ሆኖ ግን ሰብሳቢ አያጣም። መኮንኖች ግን ጎራዴያቸውን ራሳቸው ይገዙ ስለነበር፣ አንዳንዱ የአያቱን ብረት በወታደር እጀታ አልብሶ ዘምቷል። አለባበሱን አይታችሁ አትፍረዱ። ለማስመርመር ወደ ጃፓን ከመላካችሁ በፊትም ጠይቁ፤ በባህላዊው መንገድ ያልተሠራ ጎራዴ እዚያ አይመዘገብም፣ ሊወረስም ይችላል።

እሺ፣ ዋጋው። ገበያው የሚያምነው ወረቀት አለ። እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር ጎራዴ መርምሮ በአራት ደረጃ ያረጋግጣል። ወረቀት ያለውና የሌለው ዋጋቸው አይገናኝም። ማስወልወል ግን ሌላ ወጪ ነው። የሠለጠነ ወልዋይ ለአንድ ካታና በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል፤ ጎራዴው ያን የማያወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀድሞ የባለሙያ አስተያየት፣ ከዚያ ወጪ።

ዕድል የለም ማለቴ አይደለም። ኢንዲያና ይኖር የነበረው ዶክተር ዋልተር ኮምፕተን ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የገዛው ጎራዴ የጥንቱ አንጥረኛ የኩኒሙኔ ሥራ፣ ከካጎሺማው የቴሩኩኒ መቅደስ የጠፋ የጃፓን ብሔራዊ ሀብት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1963 ለመቅደሱ መለሰው፤ ገንዘብም አልተቀበለም።

ጎራዴ ያመጣችሁ ከአፎቱ ሳታወጡ በተራ ወደ ጠረጴዛው ኑ። ዘይት፣ ንጹሕ ጨርቅና መዶሻ ተዘጋጅቷል። ልጆች ከጠረጴዛው ራቅ ይበሉ። አመሰግናለሁ።