ቴርሞሜትሩ ሲቆም ሙቀቱ የት ይገባል? ስለ ስውር ሙቀት

[ምስል፦ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት፣ በውስጡ የተሰባበረ በረዶ፣ በበረዶው መሃል የቆመ ቴርሞሜትር፣ ከጎኑ የሚቆጥር ሰዓት።]

በዚህ ድስት ውስጥ ያለው በረዶ ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ መጠነ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ምድጃው በእያንዳንዱ ሰከንድ አንድ ኪሎጁል ጉልበት ይሰጠዋል፤ ለስሌቱ ቀላልነት ስንል ወደ አየርም ሆነ ወደ ድስቱ ብረት የሚባክን ነገር እንደሌለ እንቁጠረው። እሳቱ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው አይጨመርም፣ አይቀነስም። ስለዚህ የምናየው ለውጥ ሁሉ ምክንያቱ መፈለግ ያለበት በድስቱ ውስጥ ነው።

ሰዓቱን እናስነሣው። የቴርሞሜትሩ ንባብ በ42 ሰከንድ ውስጥ ዜሮ ይደርስና ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሳቱ እየነደደ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ ያልፋል፤ በረዶውንና ውሃውን እያማሰልን ብንጠብቅም ንባቡ ከዜሮ ፈቀቅ አይልም። ለ334 ሰከንድ፣ ማለትም ለአምስት ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ የሚታየው ለውጥ አንድ ብቻ ነው፤ በረዶው እያነሰ ውሃው እየበዛ ይሄዳል። የመጨረሻዋ የበረዶ ስባሪ ስትጠፋ ንባቡ እንደገና ሽቅብ መውጣት ይጀምርና በሰባት ደቂቃ ግድም 100 ዲግሪ ይደርሳል። እዚያም ዳግመኛ ይቆማል፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚቆመው ድስቱ ጠብታ ሳይቀረው እስኪደርቅ ድረስ፣ ለ37 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው።

ድምሩ 51 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ቴርሞሜትሩ የተንቀሳቀሰበት ጊዜ ስምንት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በቀሩት 43 ደቂቃዎች ምድጃው ሳያቋርጥ ጉልበት ሲሰጥ፣ ቴርሞሜትሩ ግን ምንም እንዳልተሰጠው ሆኖ ቆሟል። እንግዲህ ጥያቄው ያ ሁሉ ጉልበት የት ገባ የሚል ነው።

[ምስል፦ በክር የተንጠለጠሉ ሁለት ክብ የመስታወት ብልቃጦች፤ በአንዱ ውሃ፣ በሌላው በረዶ።]

ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ የተነሣው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሐኪምና ኬሚስት ጆሴፍ ብላክ ነው። በእርሱ ዘመን ብዙዎች በረዶ አንዴ ከመቅለጫው ነጥብ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ሙቀት ቢጨመርለት ወዲያው ሙሉ በሙሉ ውሃ እንደሚሆን ያምኑ ነበር። ብላክ ይህን እምነት ለመቃወም በመጀመሪያ ቤተ ሙከራ እንኳ አላስፈለገውም። ነገሩ እንደሚባለው ቢሆን ኖሮ፣ የክረምቱ ብርድ ለቆ አየሩ ሞቅ ባለ ቀን በተራሮች ላይ የተከመረው በረዶ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀልጦ በሸለቆዎች ያለውን ሁሉ ጠራርጎ በወሰደው ነበር። በረዶው ግን ለሳምንታት ቀስ እያለ ይቀልጣል። በእኔ ግምት ከሙከራው ይልቅ የሚደነቀው ይህ አስተውሎት ነው፤ ሁሉም ሰው በየዓመቱ የሚያየውን ነገር እንደ ማስረጃ የቆጠረው እርሱ ነበርና።

ሙከራው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ መጀመሪያ ነው። ብላክ በሁለት ተመሳሳይ ስስ ብልቃጦች ውስጥ እኩል መጠን ያለው ውሃ አደረገ፤ አንዱን ወደ በረዶ ለወጠው፣ ሌላውን ደግሞ በረዶ ሳይሆን ከመቅለጫው ነጥብ ጥቂት ከፍ እስኪል ድረስ አቀዘቀዘው። ከዚያም ሁለቱን 47 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አንጠለጠላቸው። ቀዝቃዛው ውሃ ከ33 ወደ 40 ዲግሪ ፋራናይት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። በረዶው ግን ቀልጦ 40 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ አሥር ሰዓት ተኩል ወሰደ።

የአዳራሹ አየር ለሁለቱም በተቀራረበ ፍጥነት ሙቀት ይሰጣል ብለን ካሰብን ቀሪው ተራ ስሌት ነው። አሥር ሰዓት ተኩል 21 ግማሽ ሰዓት ነው፤ በእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ውሃን ሰባት ዲግሪ የሚያሞቅ ሙቀት ገብቷል፤ በጠቅላላው 147 ዲግሪ ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ ያሳየው ግን ከ32 ወደ 40 የተደረገውን የስምንት ዲግሪ ጭማሪ ብቻ ነው። የቀረው 139 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴንቲግሬድ 77 ገደማ የሚሆነው፣ በቴርሞሜትሩ ላይ አልታየም። ዛሬ በተራቀቁ መሣሪያዎች የሚለካው ዋጋ 80 ዲግሪ ያህል ነው፤ አንድ ኪሎ በረዶ የሚያቀልጠው ሙቀት ያንኑ አንድ ኪሎ ውሃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ያደርሰው ነበር ማለት ነው። ሁለት ብልቃጥና አንድ ሰዓት ለያዘ ሰው ይህ እጅግ የቀረበ ውጤት ነው።

ብላክ ይህን ከቴርሞሜትር የሚሰወር ሙቀት «ስውር ሙቀት» አለው። ስሙ እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ግን በጥንቃቄ ሊያዝ የሚገባው ስም ነው። በዚያ ዘመን ሙቀት በዕቃዎች ውስጥ የሚፈስና የሚጠራቀም ረቂቅ ፈሳሽ ነው የሚለው አስተሳሰብ የጸና ስለነበር፣ «ስውር» ሲባል ያ ፈሳሽ በውሃው ውስጥ ተደብቆ ተቀምጧል የሚል ትርጉም ይሰጥ ነበር። ዛሬ ግን የተደበቀ ሙቀት እንደሌለ እናውቃለን። የገባው ጉልበት መልኩን ቀይሯል እንጂ አልተሸሸገም።

[ምስል፦ በበረዶ ውስጥ በሥርዓት የተደረደሩ የውሃ ሞለኪውሎች፤ እያንዳንዱ በቦታው ይርገበገባል።]

ቴርሞሜትር የሚለካው የሞለኪውሎችን አማካይ እንቅስቃሴያዊ ጉልበት ነው፤ በቀላሉ ለመናገር፣ ምን ያህል እንደሚፈጥኑ ወይም እንደሚርገበገቡ ያሳያል። በበረዶ ውስጥ ግን ከእንቅስቃሴ ሌላ ትልቅ ጉዳይ አለ። እያንዳንዱ የውሃ ሞለኪውል በሃይድሮጂን ትስስር ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ተያይዞ በቋሚ ቦታ ላይ ይገኛል። በረዶው ከዜሮ በታች ሳለ የሚገባው ሙቀት ርግብግቢቱን ያበረታል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ይጨምራል። ዜሮ ላይ ሲደረስ ግን ርግብግቢቱ ድርድሩን የሚያናጋበት ልክ ላይ ይደርሳል፤ ከዚህ በኋላ የሚገባው ጉልበት ሞለኪውሎቹን ይበልጥ በማፍጠን ፋንታ ትስስራቸውን በማላላት ላይ ይውላል። እርስ በርስ የሚሳሳቡ ነገሮችን ማለያየት ጉልበት ይጠይቃል፤ ያ ጉልበት በተለያዩት ሞለኪውሎች ዘንድ እንደ እምቅ ጉልበት ይቀመጣል። ፍጥነታቸው ስላልጨመረ ቴርሞሜትሩ የሚመዘግበው ነገር የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎጁል ሲበቃ፣ ያንኑ ውሃ በ100 ዲግሪ ለማትነን 2,257 ኪሎጁል ለምን አስፈለገ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሰባት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። መልሱ ያለው ፈሳሽ ውሃ ምን እንደሚመስል በማስተዋል ላይ ነው። በረዶ ሲቀልጥ ሞለኪውሎቹ ከቋሚ ቦታቸው ይለቀቃሉ እንጂ አይራራቁም፤ ትስስሩ እየተበጠሰ እንደገና እየተያያዘ ይቀጥላል። እንዲያውም ፈሳሹ ውሃ ከበረዶው ይልቅ የተጠጋጋ ነው፤ በረዶ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። ውሃ ሲተን ግን እያንዳንዱ ሞለኪውል ከጎረቤቶቹ ሁሉ ፈጽሞ ይለያል። ማቅለጥ ጥቂቱን ትስስር የሚነካ ሲሆን ማትነን የቀረውን በሙሉ ይበጥሳል።

በዚህ ላይ የማይዘነጋ ተጨማሪ ወጪ አለ። አንድ ኪሎ ውሃ ከአንድ ሊትር እምብዛም የማይበልጥ ቦታ ይይዛል፤ በባሕር ወለል ከፍታ ባለው የአየር ግፊት ሲተን ግን 1,670 ሊትር ያህል ይሆናል። ያን ሁሉ ቦታ ለማግኘት እንፋሎቱ በዙሪያው ያለውን አየር ገፍቶ ማስወገድ አለበት፤ ይህም ሥራ ነው። ዋጋው 170 ኪሎጁል ያህል፣ ማለትም ከጠቅላላው ከመቶ ስምንት እጅ እንኳ የማይሞላ ነው። የቀረው በሙሉ ለመለያየት የሚከፈል ነው።

በነገራችን ላይ፣ ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ውሃ እየፈላ እሳቱን መጨመር ውሃውን ከ100 ዲግሪ በላይ አያሞቀውም፤ የሚያፋጥነው የሚተንበትን ፍጥነት ብቻ ነው። እሳት በከንቱ ከሚጠፋባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

[ምስል፦ ከጀበና አፍ የሚወጣ እንፋሎት ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ሲያርፍና ጠብታ ሲሆን።]

እስካሁን ያየነው ጉልበቱ ሲገባ ነው። ጉዳዩ ይበልጥ ክብደት የሚያገኘው ሲመለስ ነው፤ ምክንያቱም ለመለያየት የተከፈለው ጉልበት ሞለኪውሎቹ እንደገና ሲቀራረቡ ሳይጎድል ይለቀቃል። አሥር ግራም የፈላ ውሃ ቆዳ ላይ ወድቆ እስከ ሰውነት መጠነ ሙቀት ቢቀዘቅዝ 2.6 ኪሎጁል ያህል ይሰጣል። አሥር ግራም እንፋሎት ግን፣ መጠነ ሙቀቱ ያው 100 ዲግሪ ሆኖ ሳለ፣ መጀመሪያ ወደ ውሃነት ሲመለስ 22.6 ኪሎጁል ይለቅቃል፤ ከዚያም እንደ ፈላው ውሃ ሲቀዘቅዝ ያንኑ 2.6 ይጨምራል። የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውሃ ቃጠሎ እጅግ የሚከፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቴርሞሜትር ግን ሁለቱን አይለያቸውም።

ይኸው ልዩነት ጄምስ ዋትንም አስገርሞት ነበር። በዚያው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያዎች ሠሪ የነበረው ዋት፣ ወደ እንፋሎትነት የተለወጠ ውሃ ከራሱ ክብደት ስድስት እጥፍ ያህል የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃን እስከ መፍላት ማድረስ እንደሚችል ደረሰበት፤ ምክንያቱ ግራ ስላጋባው ነገሩን ለብላክ ሲነግረው ብላክ ስለ ስውር ሙቀት አስረዳው። ዋት እ.ኤ.አ. በ1765 የእንፋሎት ሞተሩን ሲያሻሽል፣ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት የሚመለስበትን ክፍል ከሲሊንደሩ ለይቶ ለብቻው አደረገው፤ ቀድሞ በነበረው አሠራር ሲሊንደሩ በየምቱ እየቀዘቀዘ እንደገና በመሞቅ ብዙ እንፋሎት ያባክን ነበርና። ይህ ፈጠራ በቀጥታ ከብላክ ትምህርት ተወለደ የሚለው ትረካ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ ዋት ራሱ ግን በስተእርጅናው አልተቀበለውም።

ውሃ ለመትነን የግድ መፍላት የለበትም። በማንኛውም መጠነ ሙቀት ከሞለኪውሎቹ መካከል ፈጣኖቹ ከገጹ ያመልጣሉ፤ የሚቀሩት ዘገምተኞቹ ስለሚሆኑ ፈሳሹ ይቀዘቅዛል። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2,400 ኪሎጁል ያህል ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ጉልበት መውጫ አጥቶ በውስጥ ቢቀር፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የሰውነቱ መጠነ ሙቀት በአሥር ዲግሪ ገደማ በጨመረ ነበር። ነገር ግን ጥቅሙ የሚገኘው ላቡ ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። አየሩ በእርጥበት በተሞላበት ቀን ሰውነት ላብ በላብ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ የማይበርደው፣ የሚፈስሰው ላብ ሳይተን ስለሚቀር ነው።

ማቀዝቀዣ ማሽኖችም ከዚህ የተለየ ጥበብ የላቸውም። በቱቦዎቹ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ በውስጠኛው ክፍል በዝቅተኛ ግፊት ይተናል፤ ሲተንም ሙቀቱን ከዚያ ክፍል ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ እንፋሎቱን ጨምቆ ወደ ውጭው ቱቦ ሲልከው ወደ ፈሳሽነት ይመለስና የወሰደውን በውጭ ይጥላል። በዚህ ሙያ እስከ ዛሬ የሚሠራበት «ቶን» የሚባለው የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ የመጣው 907 ኪሎ ግራም በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ ከሚወስደው ሙቀት ሲሆን፣ 3.5 ኪሎዋት ያህል ነው። በሰማይም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል፤ ደመና ሲፈጠር የውሃ ተን የሚለቀው ሙቀት አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ የነጎድጓዳማ ማዕበሎች ጉልበትም በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው።

[ምስል፦ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ጥርት ያለ ውሃ፤ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 10 ያነብባል።]

የመጨረሻው ማሳያ ከሁሉ ይልቅ እንግዳ የሚመስለው ነው። ንጹሕ ውሃ ሳይነቃነቅ በዝግታ ሲቀዘቅዝ፣ የበረዶው ድርድር የሚጀምርበት ቅንጣት ስለሚያጣ፣ ከዜሮ በታች ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ውሃ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ደርሶ ገና ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ መታ ስናደርገው በረዶው ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በቅጽበት በውሃው ሁሉ ይሰራጫል፤ የቴርሞሜትሩም ንባብ ከዜሮ በታች ካለው 10 ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ዜሮ ይዘልላል። ውሃው በረዶ እየሠራ መጠነ ሙቀቱ ጨመረ ማለት ነው።

ያሞቀው ግን ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፤ ሞለኪውሎቹ ወደ ድርድሩ ሲገቡ የለቀቁት ጉልበት ነው። ያም ጉልበት ለውጡን እዚያው ያቆመዋል። አንድ ኪሎ ውሃን በአሥር ዲግሪ ለማሞቅ 42 ኪሎጁል ይበቃል፤ ይህም ከ334 ስምንተኛው እጅ ያህል ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ሙሉ በሙሉ በረዶ የሠራ ይምሰል እንጂ፣ በረዶ የሆነው የውሃው ስምንተኛ እጅ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሰባቱ እጆች በበረዶው ቅርንጫፎች መካከል በዜሮ ዲግሪ እንደ ፈሰሱ ሆነው፣ ሙቀታቸውን የሚወስድላቸው እየጠበቁ ነው።